የጊታር ሞዴለሩ ተገዝቷል፤ ድምፁ በየት ይውጣ?

ሞዴለር፣ ማለትም የአምፕንና የፔዳልን ድምፅ በስሌት የሚያስመስል ማሽን፣ የገዛ ጊታሪስት ቶሎ ብሎ የሚያነሳው አንድ ቅሬታ አለ። ቤት ውስጥ በሄድፎን ሲሰማው ድምፁ ልብ ይሰርቃል። ልምምድ ቦታ ወስዶ ከአሮጌው የጊታር አምፕ ጋር ሲያገናኘው ግን ታፍኖና ደብዝዞ ይወጣል። ሌላው ደግሞ የአዳራሹ ሞንታርቦ ላይ ይሰካውና ጆሮ የሚበሳ ሹል ድምፅ ይሰማል። ሁለቱም መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ማሽኑን ነው። «ዲጂታል ነገር እኮ እንዲህ ነው» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ማሽኑ ጤነኛ ነው። ችግሩ ያለው መጨረሻው ላይ፣ ስፒከሩና ሳጥኑ ጋ ነው።

በመጀመሪያ የጊታር ስፒከርን ጠባይ እንወቅ። የቤት ወይም የስቱዲዮ ስፒከር የሚሠራው የተሰጠውን ድምፅ ሳይጨምር ሳይቀንስ እንዲያወጣ ታስቦ ነው። የጊታር ስፒከር እንዲህ ዓይነት ታማኝነት የለውም፤ አይፈለግበትምም። አንድ ተራ ባለ 12 ኢንች የጊታር ስፒከር በደንብ የሚሠራው ከ70 ወይም ከ75 ኸርዝ (በሰከንድ የሚሆን ንዝረት) አንስቶ እስከ 5,000 ኸርዝ ገደማ ነው። የጊታር ወፍራሙ ገመድ 82 ኸርዝ ላይ ስለሚንቀጠቀጥ ከታች በኩል ይበቃዋል። ከላይ በኩል ግን ይቆርጣል። ቀጭን ድምፅ የሚያወጣው ትዊተር ጭራሽ የለውም። ከ2,000 ኸርዝ ጀምሮ ባለው አካባቢ ደግሞ ጎላ ብሎ ይጮኻል። ጊታር ከበሮ፣ ባስና ኪቦርድ መሀል ሆኖ ራሱን የሚያሰማው በዚህ ጩኸቱ ነው።

አሁን ዲስቶርሽን ጨምሩበት። አምፑ ሲጨናነቅ እጅግ ብዙ ቀጭን ንዝረት ያመነጫል። ያ ንዝረት ትዊተር ባለው ስፒከር በቀጥታ ቢወጣ የሚሰማው የሚጠብስ ዘይት ዓይነት «ጭስስስ» ነው። የጊታር ስፒከር የወረቀት ኮን ያንን ሁሉ ያጣራል። ስለዚህ «የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ» ብለን ለምናውቀው ነገር ወረቀቱም ማግኔቱም የራሳቸው ትልቅ ድርሻ አላቸው።

ሞዴለሮች ይህን ያውቃሉ። የላይን 6 ሂሊክስም ሆነ ኬምፐር፣ የፍራክታል አክስ ኤፍኤክስም ሆነ የኒውራል ዲኤስፒ ኳድ ኮርቴክስ፣ ፔዳሉንና አምፑን ብቻ አይደለም የሚመስሉት። ስፒከሩን ከነሳጥኑ፣ ከፊቱ የቆመውን ማይክ ሳይቀር በስሌት ይሠሩታል። ለዚህ የሚጠቀሙበት ዋናው ዘዴ ኢምፐልስ ሪስፖንስ ወይም በአጭሩ አይአር ይባላል።

አይአር እንዴት እንደሚሠራ ማየቱ ይጠቅማል። አንድ እውነተኛ የጊታር ሳጥን ስቱዲዮ ውስጥ ይቀመጣል። ፊቱ ማይክ ይተከላል፤ ብዙ ጊዜ ሹር ኤስኤም 57 ነው። ከዚያ ከወፍራም ጀምሮ እስከ ቀጭን የሚወጣ አንድ ረዥም ድምፅ በስፒከሩ ይለቀቃል። የተለቀቀውና ማይኩ የቀዳው ይነጻጸራሉ። ስፒከሩ፣ ሳጥኑና ማይኩ አንድ ላይ ሆነው ምን እንደጨመሩና ምን እንደቀነሱ ይሰላል። ውጤቱ በጣም አጭር የድምፅ ፋይል ናት። በሰከንድ 48,000 ናሙና በሚወስድ ማሽን፣ 2,048 ናሙና ያላት አይአር ርዝመቷ 43 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ማሽኑ የእናንተን ጊታር በዚህች ፋይል ውስጥ ያሳልፈዋል።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የማይባል ነገር አለ። አይአር የሚሰጣችሁ በማይክ የተቀዳ ስፒከርን ድምፅ ነው። ማይኩ ከኮኑ መሀል ሁለት ሴንቲሜትር ወደ ዳር ቢሸሽ ድምፁ ይለሰልሳል፤ መሀል ላይ ቢቀር ይሰላል። ስለዚህ «አምፑ ክፍል ውስጥ አጠገቤ ያለ አይመስልም» የሚል ሰው እውነቱን ነው። የሚሰማው ከሲዲ ላይ የሚሰማውን ዓይነት ጊታር ነው።

ወደ መጀመሪያው ቅሬታ እንመለስ። ሞዴለሩ ውስጥ በስሌት የተሠራ ስፒከር አለ። አሮጌው አምፕም የራሱ ስፒከር አለው። ሁለቱን መደራረብ መነጽር ላይ መነጽር ማድረግ ነው። ቀጭኑ ድምፅ ሁለት ጊዜ ይቆረጣል፤ ድምፁ ይታፈናል። ሞንታርቦ ላይ የሰካው ሰው ደግሞ ምናልባት በሞዴለሩ ውስጥ ያለውን ስፒከር አጥፍቶታል። ስለዚህ ድምፁን የሚያጣራለት አንድም ስፒከር የለም። መፍትሔው ቀላል ነው። የጊታር ስፒከርነቱን ሥራ አንዱ ብቻ ይሥራው። ወይ ማሽኑ፣ ወይ ሳጥኑ። የቱን እንደምትገዙ የሚወስነውም ይህ ነው።

ማሽኑ ይሥራው ካላችሁ የሚያስፈልጋችሁ ሳያዳላ የሚያወጣ ስፒከር ነው። ጊታሪስቶች ኤፍአርኤፍአር ይሉታል። ከውስጡ ትዊተርም አምፕም አለው፤ የአዳራሽ ሞኒተር ዘመድ ነው። በዚህ ዓይነት የተሠሩ የታወቁ ዕቃዎች አሉ፤ የሄድራሽ ኤፍአርኤፍአር 112፣ የላይን 6 ፓወርካብ፣ በ2023 የወጣው የፌንደር ቶን ማስተር ኤፍአር 12 ይጠቀሳሉ። ሴለስቺን የሚባለው የእንግሊዝ ስፒከር አምራች ደግሞ ኤፍ12 ኤክስ200 የሚል ባዶ ስፒከር አለው። መደበኛ የጊታር ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ትዊተሩ አብሮት ስላለ ሳጥኑን ወደ ኤፍአርኤፍአር ይለውጠዋል። እውነት ለመናገር አንድ ጥሩ የአዳራሽ ሞኒተርም ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ጊታር አምፕ የሚመስል ጨርቅ ፊቱ ላይ ስለተለጠፈ ብቻ ዋጋው መጨመር የለበትም።

ካርቶን ላይ የሚጻፈውን ዋት ብዙ አትመኑት። 2,000 ዋት የሚል ብታዩ ለቅጽበት የሚደርስበት ጣሪያ ሊሆን ይችላል። ሳይቋረጥ የሚሰጠው ከዚያ በጣም ያንሳል። ደግሞም ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፅ እጥፍ አይሆንም፤ የድምፅ ጉልበት የሚለካው በዴሲቤል ነው፣ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ «እጥፍ ሆነ» የሚለው 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨምር ነው። ለዚያ ደግሞ አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ በ500 እና በ1,000 ዋት መካከል ያለው ልዩነት የዋጋውን ያህል አይደለም።

ኤፍአርኤፍአር የገዙ ሰዎች ቶሎ የሚያማርሩት በሌላ ምክንያት ነው። ቤት ውስጥ ሌሊት፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፅ ዝቅ አድርገው ያዘጋጁት ፕሪሴት (ማሽኑ ላይ የተቀመጠ የድምፅ ቅንብር) መድረክ ላይ ይበላሽባቸዋል። ባሱ ይንጎዳጎዳል፣ ትሬብሉ ይወጋል። ይህ የጆሮ ጉዳይ ነው። ፍሌቸርና ማንሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1933 እንዳሳዩት ጆሯችን ዝግ ባለ ድምፅ ላይ ባስንና በጣም ቀጭኑን ድምፅ በደንብ አይሰማም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሳናውቀው እንጨምራቸዋለን። ድምፁ ሲጎላ ጆሮ ራሱ ያሟላቸዋል፤ ያኔ የጨመርነው ትርፍ ይሆናል። መድኃኒቱ ፕሪሴቱን መድረክ ላይ በሚሰማበት ጉልበት አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ማስተካከል ነው። መነሻ የሚሆን ቁጥር ከፈለጋችሁ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ። ከላይ ደግሞ ከ6,000 እስከ 8,000 ኸርዝ አካባቢ ጀምሮ ወደ ላይ ያለውን ቁረጡ። ያን ጊዜ ብዙው «ዲጂታል» የሚባለው ነገር አብሮ ይሄዳል።

አቀማመጡም ወሳኝ ነው። ስፒከር መሬት ላይ፣ ያውም ጥግ ላይ ሲቀመጥ ባሱ ያብጣል። ሌላም አለ። ባለ 12 ኢንች ስፒከር ዲያሜትሩ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ከ1,100 ኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ የሞገዱ ርዝመት ከዚያ ያነሰ ስለሆነ እየጠበበ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል። ጊታሪስቱ ቆሞ ሳጥኑ እግሩ ሥር ከሆነ ቀጭኑ ድምፅ የሚመታው ቁርጭምጭሚቱን ነው። አልሰማህ ሲለው ትሬብል ይጨምራል። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ፍዳውን ያያል። ሳጥኑን ወደ ኋላ ማዘንበል ወይም ወንበር ላይ ማውጣት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ሁለተኛው መንገድ እውነተኛ የጊታር ሳጥን ነው። እዚህ ሞዴለሩ ውስጥ ያለውን ስፒከርና አይአር ታጠፋላችሁ። አብዛኛው ሞዴለር ራሱ ስፒከር የሚያንቀሳቅስ ጉልበት የለውም፤ ስለዚህ መሀል ላይ ፓወር አምፕ ያስፈልጋል። ዛሬ ፔዳል የሚያክሉ ክላስ ዲ የሚባሉ ፓወር አምፖች አሉ። ሲይሞር ደንከን የሠራው ፓወርስቴጅ 200 ለምሳሌ 4 ኦም (ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለው የመቋቋም መጠን) ላይ 200 ዋት ይሰጣል። 8 ኦም ላይ ግን እንዲህ ዓይነት አምፕ ጉልበቱ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ 16 ኦም ላይ ይብስበታል። ስለዚህ ባለ 16 ኦም ሳጥን ገዝታችሁ «ይህ አምፕ ደካማ ነው» አትበሉ።

የኦሙ ነገር ሰውን ስለሚያስፈራ በአጭሩ ልናገር። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲታሰሩ 4 ኦም ይሆናሉ፤ አንዱ ከሌላው ተከታትሎ ሲታሰር 16። ክላስ ዲም ሆነ ትራንዚስተር አምፕ ከጀርባው ከተጻፈው ዝቅተኛ ኦም በታች መጫን የለበትም። ከዚያ በላይ ቢሆን ጉልበት ከመቀነስ በቀር አይጎዳም። በመስታወት አምፖል መሰል ቲዩብ የሚሠራው የቲዩብ አምፕ ግን ኦሙ እንዲገጥምለት ይፈልጋል፤ ያለ ስፒከር ማስነሳትማ ማቃጠል ነው። የቲዩብ ፓወር አምፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ሞዴለሩ ላይ ያለውን የፓወር አምፕ ሞዴልም አጥፍታችሁ ሞክሩት፤ እሱም ይደራረባል።

የቱን ስፒከር? ሴለስቺን ቪንቴጅ 30 በሁሉም ቦታ የሚገኝ ነው። 60 ዋት ይችላል፤ በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት 100 ዴሲቤል ይሰጣል። የዚሁ አምራች ግሪንባክ 25 ዋትና 98 ዴሲቤል ነው። የቮክስ ኤሲ 30 አምፕን ድምፅ የሠራው ሰማያዊው አልኒኮ ብሉ 15 ዋት ብቻ ይችላል። ድምፁ ያምራል፤ ግን 200 ዋት ከሚሰጥ አምፕ ጋር ብቻውን ብታስሩት አንድ ምሽት አይውልም። ክሪምባክ 65 የሚባለው 65 ዋትና 97 ዴሲቤል ነው። ዴሲቤሉን አትናቁት። 97 እና 100 ዴሲቤል ማለት ለተመሳሳይ ጩኸት አንዱ የሌላውን እጥፍ ዋት ይጠይቃል ማለት ነው።

እኔ ብጠየቅ ለሞዴለር ቪንቴጅ 30ን መጀመሪያ አልመርጥም። ጠባዩ ጎላ ያለ ነው፤ ሚዱ (መካከለኛው ድምፅ) ይጮኻል። ለሮክ ይሄዳል። በእኛ ባንዶች ግን ጊታር ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው፤ አጫጭር ምት፣ አልፎ አልፎ ዋዋ። ንጹሕ ድምፅ ላይ ያ ጩኸት ያደክማል። ከዚህም በላይ ሞዴለር የሚገዛው ብዙ አምፕ ለማግኘት ነው። ሁሉም አምፕ በአንድ ጯሂ ስፒከር ካለፈ ሁሉም መመሳሰል ይጀምራል። ረጋ ያለ፣ ዋት የሚችል ስፒከር ይሻላል፤ ክሪምባክ ወይም የእሱ ዓይነት። ከውጭ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ደግሞ ክብደቱን አስቡ። ቪንቴጅ 30 ወደ 4.7 ኪሎ ይመዝናል። በኒዮዲሚየም ማግኔት የሚሠሩት ወደ 2 ኪሎ ገደማ ናቸው። ሻንጣ ውስጥ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ሳጥኑን ግን ከውጭ ማስመጣት ለእኔ አይዋጥልኝም። ሳጥን እንጨት ነው፤ ጎበዝ አናጢ ይሠራዋል። 18 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጥሩ ኮምፔንሳቶ ይበቃል። ኤምዲኤፍም ይሠራል፤ ግን ከባድ ነው፣ እርጥበትም አይወድም። ቺፕውድ ጠርዙ ስለሚፈረፈር ብሎኑ ይላቀቃል። በውጭ 50 በ45 በ30 ሴንቲሜትር የሆነ ሳጥን ውስጡ 50 ሊትር ገደማ ይይዛል። ለአንድ ባለ 12 ኢንች የጊታር ስፒከር የተመቸ ነው። የፊት ለፊቱን ቀዳዳ ከስፒከሩ መረጃ ላይ አይታችሁ ለአናጢው ስጡት፤ ለቪንቴጅ 30 ዲያሜትሩ 283 ሚሊሜትር ነው። 12 ኢንች ነው ብላችሁ 30 ሴንቲሜትር ካስቆረጣችሁ ብሎኑ የሚይዝበት ቦታ ያጣል።

ጀርባው ክፍት ይሁን ዝግ? ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ከኋላው አየር ይስባል። ጀርባው ክፍት ከሆነ የኋላው ሞገድ ዞሮ የፊቱን ባስ በከፊል ያጠፋዋል። በምትኩ ድምፁ በክፍሉ ውስጥ ይበተናል፤ ከበሮ መቺውም ይሰማችኋል። ዝግ ከሆነ ባሱ ይጠብቃል፤ ድምፁ ወደ ፊት ያተኩራል። እኔ ለአንድ ስፒከር ዝግ እመርጣለሁ፤ ትንሽ ሳጥን ባሱን ማባከን የለበትም። ዝግ ካሠራችሁ መጋጠሚያው አየር እንዳያስወጣ በኮላ ይታሸግ። መፈተኛው ይኸው፤ ድምፁን ጎላ አድርጉና ወፍራሙን ገመድ እየመታችሁ መዳፋችሁን በጠርዙ ዙሪያ አዙሩ። አየር እፍ ሲል ከተሰማችሁ አናጢው ዘንድ ተመለሱ።

ሁለት ስፒከር የምታደርጉ ከሆነ ከማሸጋችሁ በፊት ፖላሪቲውን፣ ማለትም ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ በትክክል መታሰሩን፣ በ9 ቮልት ባትሪ እዩ። የባትሪውን ፖዘቲቭ ከስፒከሩ ፖዘቲቭ ጋር ለአፍታ ሲያስነኩት ኮኑ ወደ ፊት ዘለል ማለት አለበት። አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ከሄደ ባሱ ድራሹ ይጠፋል።

እንግዲህ ለማን የቱ? በቤተ ክርስቲያን ወይም በሆቴል፣ ሳውንድ ማንና ጥሩ ሲስተም ባለበት የምትጫወቱ ከሆነ ሳጥን አያስፈልጋችሁም። አይአሩን አብርታችሁ በኤክስኤልአር ገመድ በቀጥታ ወደ ሚክሰር ግቡ። ሙሉ ሌሊት ከትዝታ ወደ ሬጌ፣ ከሬጌ ወደ ሮክ የሚዘሉ ባንዶችም በኤፍአርኤፍአር ይጠቀማሉ፤ ለየዘፈኑ ሌላ ሳጥን በፔዳል መለወጥ ይቻላልና። አንድ የሚወዱት ድምፅ ያላቸው፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከከበሮ ጋር የሚለማመዱ፣ አየር ሲገፋ መስማት የሚፈልጉ ሰዎች ሳጥን ይግዙ። ቤት ብቻ ለሚጫወት ጥሩ ሄድፎን ወይም ሁለት ትናንሽ የስቱዲዮ ሞኒተሮች ይበቁታል።

ሁለቱንም የሚፈልግም አለ፤ ያስኬዳል። ብዙዎቹ ሞዴለሮች ድምፁን ለሁለት ይከፍሉታል። ክፍፍሉን ከአምፑ ሞዴል በኋላ፣ ከአይአሩ በፊት አድርጉት። አንዱ መንገድ በአይአሩ አልፎ ወደ ሚክሰር ይሄዳል። ሌላው ሳያልፍ ወደ ፓወር አምፑና ወደ ሳጥኑ። ሳውንድ ማኑ የራሱን ያገኛል፣ እናንተም የራሳችሁን። ከሚክሰሩ ጋር ስትገናኙ «ሁምምም» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ግራውንድ ሊፍት የሚለውን ማብሪያ ሞክሩ።

ስለ ገመድ ደግሞ አደራ። ከፓወር አምፕ ወደ ሳጥን የሚሄደው የስፒከር ገመድ ነው። ጫፉ እንደ ጊታር ገመድ ጃክ ስለሆነ ሰው ያደናግራል። የጊታር ገመድ ውስጡ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ብዙ ዋት ሲያልፍበት ይሞቃል፣ አምፑንም ሊያበላሽ ይችላል። የስፒከር ገመድ ሁለት ወፍራም ሽቦ አለው። ሁለቱ እንዳይምታቱ ባለቀለም ፕላስተር ጠምጥሙባቸው።

ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ ላይ ቮልቱን አንብቡ። እዚያ 120 ቮልት ነው፤ እዚህ 220። የብዙ ሞዴለሮችና የክላስ ዲ አምፖች ፓወር ሰፕላይ ከ100 እስከ 240 ይላል፤ እሱ በቀጥታ ይሰካል። 120 ብቻ የሚል፣ ከባድ ትራንስፎርመር ያለው አምፕ ግን ኮንቨርተር ይፈልጋል፤ ኮንቨርተሩ ደግሞ አምፑ ከሚጠይቀው ዋት በላይ መቻል አለበት። አንዳንዱ ጀርባው ላይ 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ አለው። እሱን አዙራችሁ፣ ፊውዙም ለ230 የተጻፈው መሆኑን አይታችሁ ስኩት።